የኤርሳዶ ቦይ ሣር አበቀለ

ከዲምቱ ወጥቶ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ኤርሳዶን አያውቅም ቢባል ማንም አያምንም። የሚያውቁት ግን በበቆሎው አይደለም፤ በቆሎ የማያበቅል ማን አለ? በከብቱም አይደለም። የኤርሳዶ ስም የተነሣው በቦይ ነው።

ማሳው ተዳፋት ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ከላይ ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍም፣ ከራሱ ማሳ የሚያመልጠው ውሃም ተሰብስቦ የሚወጣበት አንድ ረጅም ቦይ አለው። ያንን ቦይ ኤርሳዶ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ እንደ ልጅ ነው ያሳደገው። ቀጥ ያለ ነው፤ ክር ተዘርግቶ የተቆፈረ ይመስላል። ግድግዳውን በአካፋ ጀርባ እየመታ ያለሰልሰዋል። ወለሉ ላይ ቀዩ አፈር ተጠርጎ ያብለጨልጫል እንጂ አንዲት ዘለላ ሣር አትታይም። ውሃው ሽው ብሎ ገብቶ ሽው ብሎ ይወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ማሳው ላይ የተኛ ውሃ የለም። እንዲያውም አንድ እሑድ ወንጌላዊው በስብከታቸው መሀል «ወገኖቼ፣ ልባችን እንደ ኤርሳዶ ቦይ ይጽዳ» ብለው ጉባኤው በሙሉ «አሜን» ሲል፣ ኤርሳዶ አንገቱን ደፍቶ በሆዱ ሲኮራ፣ ሚስቱ ሰብለ ከሴቶች በኩል አይታው በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትስቅበት ነበር ይባላል።

በዚያ አገር ቦይ ቀልድ አይደለም። ልጁን የሚድር አባት መጀመሪያ የአማቹን ማሳ ራቅ ብሎ ያያል፤ ቦዩ ሣር ካበቀለ ሰውየው ሰነፍ ነው። ትጉነቱ የታወቀ ሰው ቦይ ሣር ካበቀለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቤቱ ውስጥ በሽተኛ አለ፣ አለዚያም ሐዘን ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ተቀምጦ አይጠብቅም። «ኑ አግዙኝ» ብሎ መለመን ለባለቤቱ ይከብደዋል ብሎ ሳይጠራ ዶማውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ቦዩን ይጠርግለታል፣ እግረ መንገዱን በቆሎውን ኮትኩቶለት ይሄዳል። ኤርሳዶ ራሱ የስንቱን ሐዘንተኛ ቦይ ጠርጓል!

ውሃው ከማሳው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙ አስቦበት አያውቅም። ቁልቁል ነው የሚሄደው። ቁልቁል ደግሞ እህቱ አስካለች አለች።

አስካለች ታናሹ ናት። የተዳረችው እዚያው ከወንድሟ ማሳ በታች ለነበረው ለጥጋቡ ነው። ኤርሳዶና ጥጋቡ ከአማችነትም በላይ መቆፈሪያ ያዋደዳቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ ሠርጉ ባለፈ ሰሞን ተባብረው ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ቆፈሩ። የኤርሳዶ ቦይ ጫፉ የሚያርፈው እዚያ ኩሬ ላይ ነው። ጥጋቡ ካረፈ ወዲህ አስካለች በኩሬው ዳር፣ በላሞቿና በእንሰቷ ትኖራለች። አንድ ልጇ ማቲ ሶዶ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ በደወለ ቁጥር «እማዬ፣ ነይ እኔ ጋ ኑሪ» ማለቱን አይተውም።

ኩሬው መልኩን የለወጠው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነገር ያዘው፤ ቀጥሎ መሀሉን። በኋላማ እንደ ጎመን ቅቅል ወፈረ፣ ፀሐይ ሲመታው ጠረኑ ቤት ድረስ የሚመጣ ሆነ። እንቁራሪቶቹ እንኳ ዝም አሉ። ላሞቹ አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ፤ ደፍራ የጠጣችው ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። አስካለች ጉልበቷን እያመማት ከብቶቿን እስከ ብላቴ ትነዳ ጀመር። ለወንድሟ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ኤርሳዶ የሰማው ገበያ ላይ ነው። አስካለች ላሞቿን በኮታ ልትሰጥ ነው ተባለ፤ ማለትም ሌላ ሰው ወስዶ አርብቶ ጥጃውን እንዲካፈላት፣ እሷም ቤቷን ዘግታ ሶዶ ልጇ ጋ ልትገባ። ኤርሳዶ የያዘውን ሸቀጥ እንኳ ሳይሸጥ ቁልቁል ወረደ።

«አስኩ! ወንድምሽ ሞቷል እንዴ? ያንቺን ወሬ ከገበያ ነው የምሰማው?»

«መጀመሪያ ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! የባልሽን መሬት ጥለሽ ሶዶ ገብተሽ ምን ልትሠሪ ነው? አስፋልት ዳር ቆመሽ ባጃጅ ልትቆጥሪ?»

«ላሜን ምን ላጠጣት ታዲያ? ያንን?» አለችና በአገጯ ኩሬውን አሳየችው።

ኤርሳዶ አየው። ካየው ቆይቶ ነበር፤ እንደዚህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። «ኧረ… ይሄ ኩሬ አርጅቶ ነው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ያረጀ ውሃ ይሸታል።»

«አንተ ከኩሬው አትበልጥም? አንተ ሸተትክ?»

በዚህ መሀል ነው ሃይሚ የደረሰችው። ሃይሚ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ናት፤ የሶዶ ልጅ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ሳቂታ። የጊደሯን ነገር ሰምታ ልታይ መምጣቷ ነበር። በዱላ አረንጓዴውን ገለጥ አደረገችና ዓይኗ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ሄደ።

«አባባ ኤርሳዶ፣ ዩሪያ የጨመሩት መቼ ነው?»

«ሰሞኑን ነዋ። ደግሞ በደንብ አድርጌ!»

«ከዚያ ዘነበ?»

«እንዴት ያለ ዝናብ! ቦዬ ባይኖርማ በቆሎዬ ሰምጦ ነበር።»

ሃይሚ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «እንግዲህ ከዩሪያው ብዙው ያለው እዚህ ነው» ብላ ኩሬውን በዱላዋ ነካችው።

ኤርሳዶ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ማዳበሪያ በቆሎ ያበቅላል እንጂ ውሃ ያበላሻል?»

«ያበቅላል እንጂ! ይኸው በቅሏል። ይሄ አረንጓዴው አልጌ የሚሉት ነው፤ እሱም እንደ በቆሎው ማዳበሪያ ይወዳል። በቆሎው ሳይመጠው ዝናቡ አጥቦ ያወርድለታል፣ እሱ ይጠግባል፣ ይባዛል። ሲሞት ደግሞ ይበሰብስና ውሃውን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከመንገዱ በላይ ያሉት ማሳዎችም በዚሁ ነው የሚወርዱት። ግን አባባ፣ ቦይዎ በጣም ፈጣን ነው። መንገድ ላይ ምንም ነገር አያስቀርም።»

ዕድሜ ልኩን የተመሰገነበት ነገር እንዲህ ሆኖ ሲመለስበት ኤርሳዶ ወደ እህቱ ዞረ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር። ቦይህ በጎረፈ ማግሥት ነው ሁልጊዜ የሚብሰው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ወንጌላዊው የሰበኩበትን ቦይ ጊደሬን ገደላት ልበል?»

ሃይሚ መላውን ነገረችው። ቦዩ ውሃውን ማስወጣቱን ይቀጥላል፤ እንዲሮጥ ግን አይፈቀድለትም። ወለሉና ዳሩ ደሾ ሣር ይተከልበታል። በየቦታው ከድንጋይና ከእንጨት ዝቅ ያለ ክትር ይሠራል፤ ውሃው እዚያ ይዘገያል፣ አፈሩን ያራግፋል፣ ሣሩም ማዳበሪያውን ይመጣል። ሣሩ ሲያድግ በማጭድ ይታጨዳል፤ የመጠጠውን ይዞ ወደ ከብት ሆድ ይሄዳል። ሥሩ ግን አይነቀልም። ክትሩ ላይ የሚጠራቀመው ደለል እየተዛቀ ወደ ማሳው ይመለሳል። ከታች ኩሬው ጋ ሳይደርስ ደግሞ ቦዩ ሰፋ ብሎ ፊላና ቄጠማ ይበቅልበታል።

«ሣር?» አለ ኤርሳዶ። «ቦይ ውስጥ? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ስንፍና ነው እንዴ?»

«አዎ» አለች ሃይሚ እየሳቀች፣ «በዲግሪ።»

አስካለች አልሳቀችም። «ወንድሜ፣ ከዚህኛው መስከረም ቀጥሎ እስካለው መስከረም እጠብቅሃለሁ» አለችው። «ኩሬው እስከዚያ ከብት የሚያጠጣ ካልሆነ ግን እሄዳለሁ። ያን ጊዜ እንዳትቆጣኝ፤ ጉልበቴ ብላቴን አይችልም።»

ኤርሳዶ ተከለ። ክረምቱ ሲገባ በገዛ እጁ፣ በዚያ ባለሰለሰው ወለል ላይ፣ የደሾውን ግንድ እየሰነጠቀ ተከለው። ሰው ያየኛል ብሎ ማልዶ ይወርዳል፤ ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ አረም የሚነቅል ይመስላል። ሣሩ ሲያድግ ግን መደበቅ አይቻልም። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ይላል።

«ምነው ኤርሳዶ፣ ቦይህ?»

ቦዬ የእህቴን ውሃ ሲበክል ኖሯል ብሎ እንዴት ይናገር? ለዚያ ሁሉ አድናቂ?

«ወገቤን» አለ። «ወገቤን ትንሽ ያዝ አደረገኝ።»

አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣ ነገር መቼ ይመለሳል! ወሬው ዞረ፣ ሰው ሁሉ አዘነለት። አንዷ ቅባት አመጣች። ሌላው «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር» እያለ የሚታሰርበት ሰፊ መቀነት ሰጠው። የአጥቢያው ሽማግሌ ገብረአማኑኤል፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ሰው ሰብስቦ ቤቱ መጥቶ ወገቡ ላይ ዘይት ቀብቶ፣ እጅ ጭኖ ጸለየለት። ሲጨርስ «እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኤርሳዶ ምን ይበል? «ቀለል አለኝ» አለ፤ «ሃሌሉያ» ተባለ።

ሰዉ ሲወጣ ሰብለ «አይ አንተ!» አለችው። «ጌታን እንኳ በሌለ በሽታ ታለፋዋለህ?»

በልግ ገባ። በመጀመሪያው ዝናብ ኤርሳዶ ጃንጥላ ይዞ ወጣና ቦዩን አየ። ውሃው አይሮጥም። እንደ ሽማግሌ እየተራመደ፣ ሣሩን በደረቱ እየገፋ፣ ክትሩ ላይ እየተኛ ነበር የሚወርደው። ማየቱ ያመዋል፤ ውሃውን ወደፊት ሂድ ብሎ መግፋት ያምረዋል። ግን ዝናቡ ሲያባራ ክትሩ ሥር የተኛውን ቡናማ ደለል ሲያይ የራሱን ማሳ አፈር አወቀው። ይሄ ሁሉ ነው እንግዲህ በየዓመቱ ሽው ሲል የኖረው።

አንድ ጠዋት አስካለች አስጠራችው። ኩሬው አልጠራም፤ ጠረኑ ግን ሄዷል፣ አረንጓዴውም ወደ ዳር ሸሽቷል። ላሟ ጉልበቷን አጥፋ ትጠጣ ነበር። ላሟ ጠጥታ እስክትጨርስ ቆመው አዩዋት።

እንግዲህ ነገር የሚበላሸው ሁሉም በጎ ሊሆን ሲል ነው። ኤርሳዶ ከክትሩ የዛቀውን ደለል በጆንያ ተሸክሞ ወደ ማሳው ሲያወጣ ሆዱ ሥር አንድ ነገር ጠብ አለ። ቡአ ነው። ሶዶ ሆስፒታል ተወሰደ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ዳነም። ሰብለ አብራው ነበረች። አስካለችም ላሞቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ቅቅል ጎደሬና ዳጣ በሳህን ቋጥራ ልትጠይቀው ሄዳ ማቲ ቤት ሰነበተች። ሃይሚ በዚያው ሰሞን ለሥልጠና ሌላ ቦታ ነበረች። የሣሩን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው በሙሉ ከመንደሩ ወጥቷል ማለት ነው።

መንደር የቀሩት ደግሞ ሌላ ነው የሚያውቁት። ገብረአማኑኤል ከአምልኮ በኋላ ተነሥቶ «ወገኖቼ፣ እኛ ጥፋተኞች ነን» አለ። «ሰውየው ወገቤን፣ ወገቤን ሲል ዘይት ቀብተን ዝም አልን። እምነት ያለ ሥራ ምንድነው? ያንን የሚያህል ቦይ ሣር ውጦት እያየ እንዴት ልቡ አይደማ! ይኸው ብቻውን ሲታገል ሆስፒታል ገባ።» ብዙዎች ዓይናቸውን ጠረጉ። ኤርሳዶ ከሆስፒታል በሚወጣበት ዋዜማ አጥቢያው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ፣ እየዘመረ ወደ ማሳው ወጣ።

ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ እንዳትቆፍር» ብሎ ሸኘው። ከሶዶ ዲምቱ በሚኒባስ፣ ከዲምቱ በባጃጅ፣ ኤርሳዶ፣ ሰብለና አስካለች ቀስ ብለው መጡ። ባጃጁ ኩርባውን ሲያልፍ ማሳው ታየ።

ቦዩ ቀይ ነበር። ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ የተጠረገ፣ የሚያብለጨልጭ። አንዲት ሣር የለችም። የክትሩ ድንጋይ ከዳር በወግ ተከምሯል። ግድግዳው እንኳ በአካፋ ጀርባ ተመትቶ ለስልሷል፤ ልክ እሱ እንደሚያደርገው።

አስካለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰብለ «ጌታ ሆይ» አለች።

በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ገብረአማኑኤል እጁን ዘርግቶ መጣ። «እንኳን ደህና መጣህ! ውረድና እየው ኤርሳዶ! እንዳንተ ባይሆንም ሞክረናል!»

ሰብለ ከኋላ የባሏን ነጠላ ሳብ አድርጋ «ዝም በል» አለችው በሹክሹክታ። «ደክመው ነው። ምንም እንዳትል።»

ኤርሳዶ «ጌታ ይባርካችሁ» አለ፤ እንባው መጣ። የምስጋና እንባ መስሏቸው ሴቶቹ ይበልጥ እልል አሉ።

ቤት ገቡ። ጎደሬ ተቀቅሏል፣ ዳጣው ቀርቧል፣ ጎረቤት የሠራው ነው። ጸሎት ተደረገ። ሰው በደስታ ይበላል፤ ኤርሳዶ እንደ ድንጋይ የከበደውን ጎደሬ ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው ያዘዋውራል።

«በቆሎህንም ኮትኩተንልሃል» አለ ገብረአማኑኤል። «ዩሪያህንም ጨምረንልሃል። እፍኝ አላስቀረንም፤ ሁሉንም!»

በዚህ ጊዜ ከዳሞታ ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። የተጨመረው ዩሪያ አፈሩ ላይ ነው፤ ቦዩ ባዶ ነው፤ ዝናቡ እየመጣ ነው።

አስካለች ስልኳን ይዛ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ወንድሟ አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «ለማቲ ልደውልለት ነው» አለችው። «ይሄ ዝናብ ከወረደ መስከረምን መጠበቁ ምን ያደርጋል? አንተ አላጠፋህም። እነሱም አላጠፉም። በቃ፣ አልሆነም።»

ኤርሳዶ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቆዩ» አለ። «ወገቤን አሞኝ አያውቅም።»

ማላመጡ ሁሉ ቆመ።

«ምን አልክ?» አለ ገብረአማኑኤል።

«ወገቤ ደህና ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር። ሆስፒታል የገባሁት በቡአ ነው። ሣሩን የተከልኩት እኔ ነኝ። ያ ስታደንቁት የኖራችሁት ቦይ ማዳበሪያዬን እያጠበ አስካለች ኩሬ ውስጥ ሲደፋ ነው የኖረው። ጊደሯ የሞተችው በኔ ነው። ሣሩ ያንን እንዲያስቀርልኝ ነበር። ለመናገር አፈርኩ፤ ወገቤን አልኩ።»

ገብረአማኑኤል «ዘይት ቀብተን ጸለይንልህ እኮ!» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቀለል አለኝ ብለህ መስክረሃል!»

«እውነት ነው፣ ቀሎኝ ነበር። መጀመሪያም አልከበደኝም እንጂ።»

ከጓዳ በኩል አንዲት ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ «እሽ!» አለቻት፤ ከዚያ ሁለቱም አልቻሉም። ሳቁ ወደ ወንዶቹ ዞረ። ገብረአማኑኤል ብቻ አልሳቀም። ፊቱ ቀልቷል። ቀኑን ሙሉ የቆፈረበትን፣ ውሃ የቋጠረውን መዳፉን ዘርግቶ አየው።

«እኛ ለምን ሞኝ ሆንን?» አለ። «ብትነግረን ምን እንዳናደርግህ ነው?»

«እናንተ ሞኝ አልሆናችሁም። የናንተ ቦይ ሣር አብቅሎ ባይ እኔም ይሄንኑ ነበር የማደርገው።»

«እሱማ ነው!» አለ ገብረአማኑኤል፣ አሁን እየጮኸ። «ይሄ ነው የሚያናድደኝ! ዛሬ መልሰን ብንተክለው ነገ ሌላ ደግ ሰው መጥቶ ይነቅልልሃል። ሰው ምን ያውቃል? ሣሩ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ሣር አረም ነዋ! መኖ የሚባለው ባለቤት ሲኖረው ነው።»

ኤርሳዶ ቀና አለ። ዓይኑ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ የቆመችው እህቱ ላይ አረፈ። በዚያ አገር የሰው መኖ አይነካም፤ የመበለት መኖ የነካማ ሰው ገበያ ላይ የሚያናግረው አያገኝም።

«የአስካለች ነው» አለ።

«ምን?» አለች አስካለች።

«ሣሩ ያንቺ ነው። ከላይ ከመንገዱ እስከ ታች። አንቺ ነሽ የምታጭጂው፣ ላሞችሽ ናቸው የሚበሉት። እዚህ ያላችሁት ሁሉ ምስክር ናችሁ። እኔ ራሴ ሳታዝኝ አልነካም።»

«ጉልበቴን ያመኛል ስል አጫጅ ታደርገኛለህ?»

«ብላቴ ድረስ ከምትነጂ አይሻልሽም?»

አስካለች ስልኳን በመቀነቷ ሸጎጠች። ሰማዩ ደግሞ አጉረመረመ። ገብረአማኑኤል ተነሥቶ ዶማውን ከግድግዳ ላይ አነሣ። «የእህታችን መኖ ነው የነቀልነው ማለት ነው» አለ፣ እንደ ፍርድ። «ያሳፍራል። ተነሡ።»

መቼም የዚያ አገር ሰው ቆሻሻ እንኳ ሲጥል በሥርዓት ነው፤ የነቀሉትን ደሾ ከነሥሩ በአጥሩ ጥግ ለኤርሳዶ ላም ከምረውላት ነበር። ላሟ ጫፍ ጫፉን ብትበላውም ሥሩ አልደረቀም። ሴቶቹ እየሰነጠቁ ያቀብላሉ፣ ወንዶቹ ይተክላሉ። ለክትሩ ድንጋዩ ተመለሰ። ኤርሳዶ እንዳይነካ ሰብለ በርጩማ አውጥታ ማሳው ዳር አስቀመጠችው፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ እየጮኸ ያዛል።

«ገብረአማኑኤል! መሀሉን ዝቅ አድርገው! ውሃው በመሀል ይለፍ!»

«አንተ ዝም በል! ለአፍህ ነው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው!»

ክትሮቹ ሳያልቁ ዝናቡ ደረሰ። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ክትር ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛው ላይ ውሃው ተሰብስቦ፣ ዞሮ፣ እያመነታ ቆመ። ሰው ሁሉ በጭቃ ተለውሶ፣ በስብሶ፣ ቆሞ ያያል። ድንጋዩ ያዘ። ውሃው በመሀል በኩል ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተርከፍክፎ ወረደ። ከሱ በታች ያለውም ያዘ። አዲስ የተተከለው ሣር ግማሹ ተነቅሎ ሄደ፤ ግማሹ አጎነበሰና ቀረ።

የመጣው ሁሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። ኩሬው በዚያ ሳምንት ደፈረሰ፣ ዳሩ እንደገና አረንጓዴ አለ። ሃይሚ ከሥልጠና ስትመለስ ታሪኩን ሰምታ ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ፣ ፊላ አምጥታ ቦዩ በሚሰፋበት ቦታ ከአስካለች ጋር ተከለች። ከመንገዱ በላይ ያሉት ሰዎችም፣ ያን ዕለት በጭቃ የቆሙት፣ ሁለቱ የራሳቸውን ቦይ ሣር ማስያዝ ጀመሩ፤ ይሳቅብናል ብለው ግን እንጨት ላይ «መኖ ነው» ብለው ጽፈው ተከሉበት።

አስካለች ማቲ ጋ ያን ቀን አልደወለችም። ክረምቱን በሙሉ ማጭድ ይዛ ቦዩን ተከትላ ትወጣለች፣ ሸክሟን ይዛ ትወርዳለች። ላሞቿ ከግቢ ሳይወጡ ይጠግባሉ። መጥፎ ልማድ ግን አወጣች፤ ባለቤትነቱን ከልቧ ያዘችው። አንድ ማለዳ ኤርሳዶ እጁ አላስችል ብሎት ከደሾው መሀል አንዲት የዱር ቅጠል ሊነቅል ጎንበስ ሲል ከታች ጩኸቷ መጣ።

«ማነው እዚያ መኖዬ ውስጥ?»

«እኔ ነኝ! ወንድምሽ!»

«ወንድም ቢሆንስ? ውጣ!»

ወጣ። ሲወጣ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

ማቲ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ መጣ። ቤቱ በሥጋው፣ በዘመዱ፣ በዘፈኑ ሞቅ ብሏል። በማግሥቱ እናትና ልጅ ላሞቹን ይዘው ኩሬው ዳር ወረዱ። ኩሬው እንደ መስታወት አልጠራም፤ ጥጋቡ ሲቆፍረው እንደነበረው አይደለም፤ ወለሉ ግን ይታያል። ማታ ማታም እንቁራሪት ይጮኻል። ላሞቹ ሳይጠሩ ሄደው ጠጡ።

«እህ እማዬ፣ ታዲያ ከበዓሉ በኋላ አብረን እንሂድ?» አለ ማቲ። «ክፍሉን አስፍቼ ተከራይቻለሁ።»

አስካለች «አይ ልጄ» አለች። «አንተ ና እየኝ። እኔ እዚህ እኖራለሁ።»

ማቲ ወደ ሶዶ ሲመለስ አንድ ከረጢት ጎደሬ አሸክማው ነበር። ሚኒባሱ ድረስ የሸኘው አጎቱ ነው። እሷ ዝናብ ሳይመጣ የምታጭደው ነበራት።